«ሄኖክን ለፈረንጅ ሸጥሽው» አሉኝ

ከደረሱኝ ደብዳቤዎች ይህኛው ሌሊቱን ሙሉ ከአእምሮዬ አልወጣ አለ። አሳጥሬ አቀርበዋለሁ።

«ሰላም ለእርስዎ ይሁን። 26 ዓመቴ ነው። አባቴ ቄስ ናቸው፤ ቅኔም ያስተምራሉ። ግዕዝ የጀመርኩት ከእሳቸው ነው። ዘንድሮ የፊሎሎጂ (የጥንት ጽሑፎች ጥናት) ማስተርስ ገብቻለሁ። መመረቂያዬን በመጽሐፈ ሄኖክ ላይ መሥራት ነው ሐሳቤ። አንድ ቅዳሜ ማታ እራት ላይ ክፍል ውስጥ የተማርኩትን ደስ ብሎኝ ነገርኳቸው። መጽሐፉ መጀመሪያ የተጻፈው በአራማይክ መሆኑን፣ ምሁራን የብዙ ጸሐፊዎች ሥራ ነው እንደሚሉ፣ የእኛም ቅጂ ስህተት እንዳለበት። አባቴ እጃቸውን ታጥበው ተነሡ። "አባቶችሽ በብራና ያቆዩትን ለፈረንጅ ሸጥሽው" አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ሰላምታ እንጂ ጨዋታ የለንም። እምነቴን እያጣሁ ይሆን? "አፖክሪፋ" ማለትስ የውሸት መጽሐፍ ማለት ነው? ልተወው ወይስ ልቀጥል? የቄስ ልጅ ነኝ።»

እህቴ፣

አትተዪው። ሌላውን ሁሉ ቀስ ብለን እናወራለን፤ ይህን ግን በመጀመሪያ ስሚልኝ። አባትሽንም ትምህርትሽንም አትተዪ።

እኔም አንድ ጊዜ እንዳንቺ አድርጌያለሁ። ወጣት ሆኜ፣ ገና ሁለት መጽሐፍ አንብቤ፣ ፊደል ያስቆጠሩኝን የኔታ ልጠይቅ ሄድኩ። አንድ ቃል አንሥቼ «የኔታ፣ ይቺ እኮ ስህተት ናት» አልኳቸው። ምንም አልመለሱልኝም። መቋሚያቸውን ይዘው ትንሽ ዝም አሉና «ቡና ጠጣ» አሉኝ። ያች ዝምታ እስከ ዛሬ ታመኛለች። የተናገርኩት ነገር እውነት ነበር፤ ያነሣሁበት መንገድ ግን ልክ አልነበረም። ዕድሜያቸውን ሙሉ በቃላቸው የያዙትን መጽሐፍ በአንዲት «ስህተት» ዘጋሁባቸው። አንቺም እራት ላይ ሦስት ከባድ ነገር በአንድ ትንፋሽ አወረድሽባቸው። አባትሽ የሰሙት የመጨረሻዋን ብቻ ይመስለኛል።

አሁን ወደ ጥያቄዎችሽ ልምጣ።

«አፖክሪፋ» የግሪክ ቃል ነው፤ «የተሰወረ» ማለት ነው። ውሸት ማለት አይደለም። ቃሉ ግን እንደ ተናጋሪው ይለያያል። ፕሮቴስታንቶች አፖክሪፋ ሲሉ በብዛት ጦቢትን፣ ዮዲትን፣ ሲራክን የመሳሰሉትን ነው። ምሁራን ደግሞ ሄኖክንና ኩፋሌንም በሰፊው የጥንት አይሁድ ጽሑፎች መደብ ውስጥ ያስገቧቸዋል። በእኛ ቤተ ክርስቲያን ሁለቱም ከሰማኒያ አሐዱ ቅዱሳት መጻሕፍት ናቸው፤ አዋልድም (ከቅዱሳት መጻሕፍት ቁጥር ውጭ ያሉ) አይባሉም። ስለዚህ ክፍል ውስጥ «አፖክሪፋ» ሲባል ብትሰሚ አትደንግጪ፤ መደርደሪያ ላይ የተለጠፈ ስም ነው። ቤት ስትገቢ ግን ያን ስም ይዘሽ አትግቢ። ለአባትሽ ሄኖክ ሄኖክ ነው።

«ለፈረንጅ ሸጥሽው» ያሉሽንም ንቀሽ አትለፊው። ከቁጭት የመጣ ነው፣ ቁጭቱም መነሻ አለው። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በ1773 (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጽፈው) ከኢትዮጵያ ሦስት የሄኖክ ቅጂ ይዞ አውሮፓ ገባ። አንዱ ለፈረንሳይ ንጉሥ ሄደ፣ አንዱ ኦክስፎርድ ገባ። ከ1868ቱ የመቅደላ ጦርነት በኋላም በእንግሊዝ ጦር የተወሰዱ ብራናዎች ለንደን ገቡ። ሎረንስ የተባለ እንግሊዛዊ ሄኖክን በ1821 በእንግሊዝኛ ተረጎመው። ጀርመናዊው ዲልማን በ1851 አምስት ቅጂ አነጻጽሮ የግዕዙን ንባብ አሳተመ። ቻርለስ የተባለ ምሁር በ1906 በብዙ ተጨማሪ ቅጂ አሰፋው። ይህ ሁሉ ሲሆን የእኛ ሊቃውንት በጠረጴዛው ዙሪያ አልነበሩም። አባትሽ ያንን ታሪክ በዝርዝር ባያውቁት እንኳ ሕመሙ ገብቷቸዋል።

ግን ሌላም ነገር ንገሪያቸው። እነዚያ ሰዎች ሄኖክን ከግዕዝ ያነበቡት ሌላ ቦታ ሙሉውን ስላልተገኘ ነው። በግሪክ የተረፈው ቁንጽል ነው። በአራማይክ የተገኘው ቁርጥራጭ ነው። 108ቱንም ምዕራፍ ይዞ የቆየ ቋንቋ ግዕዝ ብቻ ነው። ኩፋሌም እንዲሁ፤ 50ውም ምዕራፍ በግዕዝ ብቻ ነው የተረፈው። በዓለም ላይ ሄኖክን ሙሉውን መመርመር የሚፈልግ ሰው አባትሽ የሚያስተምሩትን ቋንቋ መማር ግድ ይለዋል።

በ1952 ሙት ባሕር አጠገብ፣ ኩምራን በሚባለው ቦታ፣ አራተኛው ዋሻ ተገኘ። ከዚያ ውስጥ የአሥራ አንድ የሄኖክ ጥቅልሎች ስብርባሪ ወጣ፤ ሁሉም በአራማይክ። ጥንታዊዎቹ ከጌታ ልደት ሁለት መቶ ዓመት ገደማ ቀደም ብለው የተገለበጡ ናቸው። የኩፋሌም የዕብራይስጥ ቁርጥራጮች በኩምራን ዋሻዎች ተገኙ። ቫንደርካም የተባለ አሜሪካዊ ምሁር በ1970ዎቹ የዕብራይስጡን ቁርጥራጭ ከግዕዙ ጋር ቃል በቃል አነጻጸረ። ምን ያገኘ ይመስልሻል? ግዕዙ እጅግ ታማኝ ነው። አስቢው። ከዕብራይስጥ ወደ ግሪክ፣ ከግሪክ በአክሱም ዘመን ወደ ግዕዝ። ከዚያ ከአንድ ሺህ ዓመት በላይ በመብራትና በቀለም፣ ከብራና ወደ ብራና። መንገዱ እንዲህ ረዥም ሆኖም ንባቡ በእጅጉ ተጠብቆ ደርሷል። ይህን ያረጋገጠው ደግሞ አባትሽ የፈሩት ጥናት ራሱ ነው። እራት ላይ መቅደም የነበረበት ይህ ነበር።

አሁን «ስህተት» ወዳልሽው ልሂድ። እዚህ ላይ ትንሽ ቁጭ እንበል፤ እኔ በጣም የምወደው ቦታ ነው።

ሄኖክ ምዕራፍ 6 ቁጥር 6ን ክፈቺ። ሁለት መቶው መላእክት ሲወርዱ ግዕዙ እንዲህ ይላል፦ «ወወረዱ ውስተ አርዲስ ዝውእቱ ድማሑ ለደብረ አርሞን»። ወደ አርዲስ ወረዱ፤ እርሱም የአርሞን ተራራ ራስ ነው። አርዲስ የት ነው? ማንም አያውቅም። እንዲህ የሚባል ቦታ የለም።

በ800 ዓ.ም. ገደማ የኖረ ጊዮርጊስ ሲንኬሎስ የሚባል የቁስጥንጥንያ መነኩሴ ይህን ቦታ በግሪክ ገልብጦት ነበር። የእሱ ንባብ «በያሬድ ዘመን ወደ ተራራው ራስ ወረዱ» ይላል። በግሪክ «ወደ» የሚለው ቃል «ኢስ» ተብሎ ይነበባል። የጥንት ግሪክ ጽሑፍ ደግሞ በቃልና በቃል መካከል ክፍተት አይተውም። «ያሬድ ኢስ» ተያይዞ ሲጻፍ «ያሬዲስ» ይሆናል። ከዚያ «አርዲስ»። አንድ ትጉህ ሰው፣ በደከመ ዓይን፣ ሁለቱን ቃል አንድ የቦታ ስም አድርጎ አነበባቸው። በኩምራን የተገኘው የአራማይክ ቁራጭም «በያሬድ ዘመን» የሚለውን ይዞ መጣ።

ታዲያ ይህ ግኝት ምን አፈረሰ? ምንም። የጠፋ አባት ነው የመለሰልን። ያሬድ የሄኖክ አባት ነው! በልጁ መጽሐፍ ውስጥ ስሙ የቦታ ስም ሆኖ ተሰውሮ ነበር።

ገና አልጨረስኩም። ያሬድ በዕብራይስጥ «ያራድ» ከሚለው ጋር ይሄዳል፤ «ወረደ» ማለት ነው። የእኛው «ወረደ» ራሱ ነው። እነሱ በየ ጀመሩት፣ እኛ በወ ጀመርነው፤ ሥሩ አንድ ነው። ጸሐፊው «በያሬድ ዘመን ወረዱ» ሲል በቃሉ እየተጫወተ ነበር። አሁን ኩፋሌ ምዕራፍ 4 ቁጥር 15ን አንብቢ። ስሙን ያሬድ ያሉት በዘመኑ ትጉሃን የተባሉት የእግዚአብሔር መላእክት ወደ ምድር ስለወረዱ ነው ይላል። ምሥጢሩን ኩፋሌ ግልጥ አድርጎ ነገረን። ሁለቱ መጻሕፍት በአንድ ቤት፣ በአንድ ብራና እንኳ አብረው ሲገለበጡ ኖረዋል።

አርሞንም እንዲሁ ነው። መላእክቱ በዚያ ተራራ ላይ ተማማሉ፤ ግዕዙ «አውገዙ በበይናቲሆሙ» ይላል። በአራማይኩና በዕብራይስጡ የተራራው ስምና ውግዘት የሚለው ቃል አንድ ሥር አላቸው። የሥሩ ፊደላት ሐ፣ ረ፣ መ ናቸው። እኛ ጋ ሲመጣ «እርም» ነው። ግሪኩ ይህን ማሳየት አልቻለም፣ ቋንቋው አልፈቀደለትም። እንግሊዝኛ የሚያነብ ተማሪ የግርጌ ማስታወሻ ካላየ አይገባውም። አንድ የቅኔ መምህር ግን አንዴ ከጠቆምሽው ወርቁን ወዲያው ያየዋል።

«ትጉሃን» የሚለውን ደግሞ ተመልከቺ። እንግሊዝኛው «ጠባቂዎች» ወይም «ተመልካቾች» በሚል መንፈስ ነው የተረጎማቸው። የአራማይኩ ቃል «ዒር» ነው፤ የነቃ፣ ያልተኛ ማለት። ግዕዙ «ትጉህ» ሲል ትርጉሙን ልክ ይዞታል፤ የማይተኙ ናቸው። እዚህ ላይ ከለንደንና ከበርሊን ተርጓሚ ይልቅ የአክሱሙ ተርጓሚ ይበልጥብኛል።

እህቴ፣ ፈረንጆቹም ይሳሳታሉ፤ ይህንንም ተማሪ ሆነሽ ማወቅ አለብሽ። የአራማይኩን ቁርጥራጭ በ1976 ያሳተመው ሚሊክ ትልቅ ሰው ነበር፤ ዓይኑ ስለታም፣ ትዕግሥቱ የሚገርም። ነገር ግን በቁርጥራጮቹ መካከል ያለውን ጉድለት ራሱ ብዙ ሞላው። የእሱን መጽሐፍ ስትከፍቺ በማዕዘን ቅንፍ ውስጥ ያለው የሚሊክ ግምት ነው፤ ከቅንፉ ውጭ ያለው ብቻ ነው ቆዳው ላይ ያለው። አንዳንዱ መስመር ላይ ከቅንፉ ውጭ ሦስት ፊደል ብቻ ታገኛለሽ። እሱ ደግሞ ከምዕራፍ 37 እስከ 71 ያለው ክፍል በኩምራን ስላልተገኘ በሦስተኛው መቶ ዓመት ከጌታ ልደት በኋላ በክርስቲያን የተጻፈ ነው አለ። አብዛኛው ምሁር አልተቀበለውም፤ ዛሬ ያ ክፍል በጌታችን ልደት ዘመን አካባቢ የተጻፈ የአይሁድ ሥራ ነው የሚለው ሚዛን ይደፋል። አለመገኘት አለመኖርን አያስረዳም። ስለዚህ ክፍል ውስጥ «ተረጋግጧል» ሲባል «በምን?» ብለሽ ጠይቂ። እጅሽን አውጥተሽ ጠይቂ፣ አትፈሪ።

ስለ እምነትሽ። እኔ ቄስ አይደለሁም፣ ይህን ከንስሐ አባትሽ ጋር ተነጋገሪ። የማየውን ብቻ ልንገርሽ። ምሁራን መጽሐፉ የተለያዩ እጆችና ዘመኖች ሥራ ነው ይላሉ፤ የመጀመሪያዎቹ ክፍሎች ከጌታ ልደት በፊት በሦስተኛው መቶ ዓመት አካባቢ እንደተጻፉ ይገምታሉ። ይህን ለአባትሽ ደብቂ አልልሽም፤ መደበቅ ሰውን መናቅ ነው። ግን «ምሁራን እንዲህ ይላሉ፣ ምክንያታቸው ይህ ነው» ማለትና «እንዲህ ነው፣ አበቃ» ማለት ይለያያል። የይሁዳ መልእክት ቁጥር 14 እና 15 ሄኖክን ስሙን ጠርቶ ይጠቅሳል። ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በ15ኛው መቶ ዓመት ስለ ሃይማኖት ሲከራከሩ ሄኖክን እየጠቀሱ ነው። ቤተ እስራኤልም ሰንበትን ሲያከብሩ በኩፋሌ ሕግ ተመርተዋል፤ የመጨረሻውን፣ የ50ኛውን ምዕራፍ የሰንበት ትእዛዝ እዪ። ይህ ሁሉ ሰው መጽሐፉን የያዘው ቅጂው ላይ አንዲት ፊደል ስላልተሳሳተች አይደለም። አንዲት «አርዲስ» ብትቃና የሚፈርስ እምነት በአባትሽ ቤት የለም። ባንቺም ውስጥ ያለ አይመስለኝም፤ የሚያምሽ እምነትሽ ሳይሆን የአባትሽ ዝምታ ነው።

መንገዱንም ሰዎች ሄደውበታል፣ ብቻሽን አይደለሽም። ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ከግዕዝ ጋር አድገው፣ በጀርመን ቱቢንገን ዶክትሬት ይዘው፣ በአሜሪካ ሚኒሶታ ተቀምጠው የሺዎች ብራና ይዘት አንድ በአንድ መዘገቡልን። አባ ዳንኤል አሰፋ፣ ካህንም ምሁርም፣ በሄኖክ ከምዕራፍ 85 እስከ 90 ባለው የእንስሳት ራእይ ላይ ያደረጉት ጥናት በ2007 ታትሟል። ክህነትና ምርምር አንድ ሰው ውስጥ መግባት ይችላሉ፤ ገብተዋልም።

ሥራውን በተመለከተ አጭር እሆናለሁ። «መጽሐፈ ሄኖክ» የሚል መመረቂያ አይኖርም፣ ይሰምጣል። አንድ ምዕራፍ፣ አራት አምስት ቅጂ፣ ይበቃሻል። ቋንቋዎቹን ሁሉ ባንዴ አትጀምሪ። ግዕዝሽን አጥብቂ፤ የአለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌን መዝገበ ቃላትና የዲልማንን ጎን ለጎን አስቀምጪ፣ የሚለያዩበት ቦታ ላይ ቁሚ። ቀጥሎ አራማይክ፤ በትንቢተ ዳንኤል ጀምሪ፣ ምዕራፍ 4 ላይ ያው «ዒር» ይጠብቅሻል። ግሪክ ከዚያ። ጀርመንኛ ማንበብ አንድ ቀን ይቀርልሽ ዘንድ አትመኚ፣ አይቀርም። የኩምራን ቁርጥራጮች ፎቶ በኢንተርኔት በነጻ ይታያል። ከ1973 ጀምሮ በማይክሮፊልም የተነሡት ወደ 9,000 የሚጠጉ የኢትዮጵያ ብራናዎችም ብዙዎቹ በሚኒሶታው የሂል ቤተ መጻሕፍት ድረ ገጽ ላይ አሉ፤ መመዝገብ ብቻ ነው።

የሄኖክን የሥነ ፈለክ ክፍል፣ ከምዕራፍ 72 እስከ 82፣ አንዴ ከአባትሽ ጋር ብታዩት ደስ ይለኛል። ፀሐይ የምትወጣባቸው ስድስት ኆኅት (በሮች)፣ 364 ቀን ያለው ዓመት፣ በ18 ክፍል የተከፈለ ቀንና ሌሊት። በረዥሙ ቀን 12ቱ ክፍል ብርሃን፣ 6ቱ ጨለማ ነው ይላል። ይህ ሁለት ለአንድ የሚል ልኬት ከባቢሎን ሊቃውንት የመጣ ነው። ባሕረ ሐሳብ የሚያውቅ ሰው አገራችን ውስጥ ቀንና ሌሊት እንደዚያ እንደማይራራቁ ወዲያው ይነግርሻል።

አንድ ነገር ደግሞ አለ። ከሚታወቁት የሄኖክ ቅጂዎች እጅግ ጥንታዊ ከሆኑት አንዱ ጣና ላይ ነው፣ ክብራን ገብርኤል፣ የ15ኛው መቶ ዓመት። ክብራን ሴት አይገባም። ፎቶውን በ1960ዎቹ መጨረሻ ሐመርሽሚት የተባለ ጀርመናዊ አንሥቶታል፤ አንቺ በፎቶ ታነቢዋለሽ። አባትሽ ግን በጀልባ ተሻግረው ደጁን ይሳለማሉ፣ መነኮሳቱንም ያውቃሉ ወይም የሚያውቅ ያውቃሉ። ፎቶው ላይ የደበዘዘ ቃል ሲያጋጥምሽ ማንን እንደምትልኪ አሰብሽ?

ቅዳሜ ማታ፣ ከእራት በኋላ፣ ቡና ሲፈላ ግቢ። ላፕቶፕሽን ተዪው። የአባትሽን መጽሐፍ ራሱን አውርጂ። «አባዬ፣ አጥፍቻለሁ፣ ይቅር ይበሉኝ» በይ፤ ጉልበታቸውን መሳም የለመድሽ ከሆነ ሳሚ። ስለ አራማይክ አታንሺ። ሄኖክ 6፥6ን ክፈቺና «ይቺ አርዲስ የት ናት?» ብለሽ ጠይቂያቸው። ይመልሱልሽ፤ የሚሉትን በማስታወሻ ጻፊው፣ ለመመረቂያሽም ይሆንሻል። ከዚያ ኩፋሌ 4፥15ን ለራሳቸው አስነብቢያቸውና ዝም በይ። ያሬድና ወረደ መስመሩ ላይ ጎን ለጎን ናቸው። ሲያዩዋቸው ፊታቸውን ተመልከቺ።

ከዚያ ምን እንዳሉሽ ጻፊልኝ። እጠብቃለሁ።